ስኳር ያልተጨመረበት የብሮኮሊና የቤከን ሰላጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላጣው ራሱ ቀላል ነው። ጥሬ ብሮኮሊ በትንንሹ ይከተፋል፣ ደርቆ የተጠበሰ ቤከን (በጨው የቆየ ስስ የአሳማ ሥጋ) ይሰባበርበታል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቺዝ፣ የሱፍ ፍሬና ዘቢብ ይገባበታል፣ ከዚያ በማዮኔዝና በአቼቶ ሶስ ይለወሳል። ችግሩ ሶሱ ውስጥ የሚገባው ስኳር ነው። አትክልት በላሁ ብሎ በጎን ስኳር መብላት ትንሽ ያናድዳል። ስኳሩን አውጥቶ ጣዕሙን ማቆየት ይቻላል፣ ግን ስኳሩን መተው ብቻውን አይበቃም፣ ሌላም የሚስተካከል ነገር አለ። ብዙ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ለመሆኑ የተለመደው አሰራር ምን ያህል ስኳር አለው?

እንደ ሰሪው ይለያያል። ብዙ ጊዜ ለአንድ ኩባያ ማዮኔዝ ከሩብ እስከ ግማሽ ኩባያ ስኳር ይገባል። ሩብ ኩባያ 50 ግራም፣ ግማሽ ኩባያ 100 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ኩባያው ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 17 ግራም አካባቢ ይደርሰዋል፣ ማለትም ከአራት የሻይ ማንኪያ በላይ። ዘቢቡ እኮ ገና አልተቆጠረም! ዘቢብ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ግማሽ ኩባያ ዘቢብ ውስጥ 45 ግራም ያህል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳርና የማር፣ የሽሮፕና የጭማቂ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶው በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 25 ግራም ነው። ከዋናው ምግብ ጎን የሚቀርብ ሰላጣ ብቻውን አብዛኛውን ይበላዋል ማለት ነው።

ስኳሩን ብቻ ትቼ ሌላውን እንዳለ ብሰራውስ?

ይኮመጥጣል። ደግሞም ይመራል። ከዚያ "ያለ ስኳር አይሆንም" ብላችሁ ወደ ድሮው ትመለሳላችሁ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ስኳሩና አቼቶው ጥንድ ሆነው ነው የገቡት። በስኳር የተሰራው ሶስ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ የሚችለው ስኳሩ ስለሚሸፍነው ነው። ስኳሩን ስታወጡ አቼቶው ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚቀነሰው አቼቶው ነው፣ ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች። የጥሬ ብሮኮሊ ምሬት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን የሚይዘው ጨው ነው። ጨው ምሬትን በደንብ ያፍናል፣ አንዳንዴ ከስኳርም ይሻላል። ስብም ይረዳል፣ ምላስ ላይ ሸፈን አድርጎ ሹል ጣዕሙን ያለዝባል። እዚህ ሰላጣ ውስጥ ጨውም ስብም ሞልቷል፣ ቤከኑም ማዮኔዙም ቺዙም። ስኳር የሚሰራውን ሥራ የሚሰሩ ነገሮች ድሮም ሳህኑ ውስጥ ነበሩ፣ ስኳሩ ስለነበረ ማንም ልብ አላላቸውም እንጂ።

እና የኔ ምክር፦ ለስኳሩ ምትክ ጣፋጭ ከመፈለጋችሁ በፊት አቼቶውን ቀንሱ፣ ብሮኮሊውን ጨው አስነኩት፣ ከዚያ ቅመሱ።

እሺ፣ መጠኑን ንገሩኝ

ለስድስት ሰው፣ ከሌላ ምግብ ጎን የሚቀርብ ከሆነ፦

ብሮኮሊ 600 ግራም ያህል፣ ሁለት መካከለኛ ራስ ማለት ነው። ቤከን 200 ግራም፣ ሳይጠበስ ተመዝኖ። ማዮኔዝ ግማሽ ኩባያ። ወፍራም ያልጣፈጠ እርጎ ሩብ ኩባያ። የአፕል አቼቶ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ሰናፍጭ አንድ የሻይ ማንኪያ። ቀይ ሽንኩርት የትንሽ ግማሽ፣ በስሱ የተከተፈ። የሱፍ ፍሬ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ የተቆላ። ቼዳር ቺዝ ወይም ሌላ ጠንካራ ቺዝ 80 ግራም። ቁንዶ በርበሬ እንደ ፍላጎት። ከፈለጋችሁ አንድ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል አፕል።

ብሮኮሊውን በጣም ትንንሽ አድርጋችሁ ክተፉት፣ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ጥሩ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሱበትና አሸት አሸት አድርጉት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጥ። በዚህ መሀል ቤከኑን ጥበሱ። ሽንኩርቱን በአቼቶው ውስጥ ንከሩት። አቼቶው የሽንኩርቱን ኃይል ይሰብረዋል፣ ሽንኩርቱም በምላሹ ለአቼቶው ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነገር ይሰጠዋል። ከዚያ ማዮኔዙን፣ እርጎውን፣ ሰናፍጩንና ቁንዶ በርበሬውን ከሽንኩርቱና ከአቼቶው ጋር አዋህዱ። ብሮኮሊው ያወጣው ውሃ ካለ ድፉት። ብሮኮሊውን፣ ቺዙንና አፕሉን (ከተጠቀማችሁ) በሶሱ ለውሱት። ከመጠበሻው የቀረ አንድ የሻይ ማንኪያ የቤከን ስብ ለብ እንዳለ ሶሱ ውስጥ ጠብ ብታደርጉበት ደግሞ፣ ያለ እሱ መስራት አያምራችሁም። ሶሱ ላይ ሌላ ጨው አትጨምሩ፣ ቤከኑና ቺዙ እስኪገቡና እስክትቀምሱት ድረስ ጠብቁ።

ቅዝቃዜ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢያርፍ ይሻላል። ቤከኑና የሱፍ ፍሬው ግን የሚገቡት ሊቀርብ ሲል ነው።

ብሮኮሊው ጥሬውን ነው ወይስ መቀቀል አለበት?

ሁለቱም ይሆናል። ጥሬው ኮርሸም ይላል፣ ቫይታሚን ሲውም አይነካም፤ በ100 ግራም ጥሬ ብሮኮሊ ውስጥ 90 ሚሊግራም ያህል ስላለ ቀላል አይደለም። ጥሬ የሚከብዳችሁ ከሆነ የፈላ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ብቻ ነከር አድርጋችሁ ወዲያው በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቱት። አረንጓዴው ይደምቃል፣ ምሬቱ ይቀንሳል፣ ጥንካሬውም አይጠፋም። ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ሰላጣ መሆኑ ያበቃል፣ ሾርባ ውስጥ ብትከቱት ይሻላል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ብሮኮሊ ሲከተፍ ወይም ሲታኘክ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና ሰልፎራፌን የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ተመራማሪዎች ለጤና ይጠቅም እንደሆነ ብዙ የሚያጠኑት ይሄንን ነው። ኢንዛይሙ ሙቀት አይወድም፣ ሲቀቀል ይሞታል። ስለዚህ ነከር ማድረግ የምትፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ ከትፋችሁ እስከ 40 ደቂቃ ድረስ አስቀምጡትና ከዚያ ውሃ ውስጥ አስገቡት፣ የሚፈጠረው ቀድሞ ተፈጥሮ ይጠብቃል። በደንብ ለተቀቀለ ብሮኮሊ ደግሞ የሰናፍጭ ዱቄት ነስነስ ማድረግ ይጠቅማል፣ ሰናፍጭ ያንኑ ኢንዛይም በራሱ ይዟል።

ነከር ካደረጋችሁት በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፣ በኋላ ሰላጣው ለምን ውሃ ውሃ አለ ብሎ የሚጠይቀውም እሱ ነው።

ሌላው ሰው አይመረውም፣ እኔን ግን በጣም ይመረኛል። ለምን?

ማካበድ አይደለም፣ እውነት ነው። ሰዎች ምሬትን የምንቀምስበት መንገድ ከወላጅ በምንወርሰው ይለያያል። ታስ2አር38 የሚባል ዘረመል አለ። አንዳንድ ዓይነቱ ያለበት ሰው በብሮኮሊ፣ በጥቅል ጎመንና በዘመዶቻቸው ውስጥ ያለውን ምሬት ከሌላው ሰው በጣም አጉልቶ ይቀምሰዋል። እንዲህ ከሆናችሁ ጥሬውን ተዉትና ነከር አድርጉት፣ ቺዙንም ትንሽ ጨመር። ልጆችም ምሬት ላይ ከአዋቂ ይልቅ ስሜታቸው ንቁ ስለሆነ ለነሱም እንዲሁ አድርጉ።

ግንዱን ልጣለው?

ኧረ አትጣሉት! የውጪውን ወፍራም ቆዳ ላጡት፣ ውስጡ ለስላሳና ከአበባውም ጣፈጥ የሚል ነው። በስሱ ክተፉት ወይም ፈግፍጉት። ስኳር በሌለበት ሰላጣ ውስጥ ግንዱን መጣል ነጻውን ጣፋጭ መጣል ነው።

ቤከን ሥጋ አይደል እንዴ፣ ስኳር ከየት ይመጣበታል?

ቤከን በጨውና በናይትራይት (ሥጋ እንዳይበላሽ በሚጨመር ንጥረ ነገር) ተዘጋጅቶ የሚቆይ ሥጋ ነው። ጨው ብቻውን ስለሚያፍነው ብዙ አምራቾች ስኳር ይጨምሩበታል፣ ጣዕሙን ለማለዘብና ሲጠበስ ቡናማ እንዲሆን። መጠኑ ግን ትንሽ ነው፣ በአንድ ጊዜ በምትበሉት ሁለት ሦስት ቁራጭ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ከ1 ግራም በታች ነው። በሜፕል ሽሮፕ ወይም በማር የተሰራ የሚል ካለበት ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን እለፉት።

ፈጽሞ የማትፈልጉ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። ስኳር ሁልጊዜ ስኳር ተብሎ አይጻፍም፦ ዴክስትሮዝ፣ ሱክሮዝ፣ ፍሩክቶዝ፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ ሞላሰስ፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ጭማቂ እየተባለ ይመጣል። ግብዓቶች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ትንሹ ስለሆነ ከላይ ካያችሁት ብዙ ነው፣ መጨረሻ ላይ ካያችሁት ጥቂት ነው።

"ስኳር ያልተጨመረበት" እና "ስኳር የሌለው" ደግሞ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው በተፈጥሮው ስኳር ሊኖረው ይችላል፣ እንደ እርጎና እንደ አፕል። እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

ቤከኔ ወይ ይቃጠላል ወይ ይለሰልሳል፣ ኮርሸም የሚለው እንዴት ነው?

ከቀዝቃዛ መጥበሻ ጀምሩ። መጥበሻውን ቀድማችሁ አታግሉት፣ ዘይትም አያስፈልገውም። ቤከኑን ደርድሩና እሳቱን ዝቅ አድርጉት፣ ስቡ ቀስ ብሎ ይቀልጥና በራሱ ስብ ይጠበሳል። በኃይለኛ እሳት ከጀመራችሁ ሥጋው ቶሎ ያርርና ስቡ ግን ሳይቀልጥ ላስቲክ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ከሆነ ኦቨን ይሻላል፦ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ እንደ ውፍረቱ። መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ከፊቱ አትጥፉ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር የሚሄደው በአፍታ ነው።

ሲወጣ ትንሽ ለስለስ ቢል አትደንግጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ወረቀት ላይ አንጠፍጥፉት፣ በእጅ ሰባብሩት። ስቡ አይደፋም፣ በተለይ ወደ እቃ ማጠቢያ ቧንቧ እንዳታፈሱት፣ ረግቶ ይዘጋዋል።

የአሳማ ሥጋ አልበላም። ምን ላድርግ?

የበሬ ወይም የተርኪ ቤከን አለ። የበሬው ጣዕሙ ጠንከር ያለ ነው፣ ለዚህ ሰላጣ በጣም ይስማማል። ተርኪው ስቡ ትንሽ ስለሆነ መጥበሻው ላይ ትንሽ ዘይት ይፈልጋል፣ እንደ ልቡም አይደርቅም። ሥጋ ጭራሽ የማትፈልጉ ደግሞ ለውዝ ወይም የዱባ ፍሬ በጥቂት ዘይት፣ በጨውና በጭስ በደረቀ ፓፕሪካ (ቀለል ያለ በርበሬ) ቆሉት፤ ጨውም ጭስም ኮርሽምሽምታም ታገኛላችሁ። ቤከን ነው ብዬ አልዋሽም፣ ግን ሳህኑ ባዶ ይመለሳል።

ማዮኔዝ ገዝቼ ልጠቀም ወይስ ቤት ልስራ?

የተገዛው ብዙ ጊዜ ትንሽ ስኳር አለው፣ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ከ1 ግራም በታች። ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም። የሚያሳስበው "ስብ የተቀነሰበት" የሚለው ነው፤ ስቡ ሲወጣ ባዶ እንዳይሆን ስታርችና ስኳር ይገባበታል። ሙሉ ስብ ያለውን ገዝታችሁ መጠኑን መቀነስ የተሻለ ነው።

ቤት መስራት ከባድ አይደለም። አንድ የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ ቁንጥር ጨው፣ ከዚያ ሦስት አራተኛ ኩባያ ጣዕሙ ቀለል ያለ ዘይት። ሁሉም የክፍሉ ሙቀት ላይ ይሁን። ዘይቱ መጀመሪያ በጠብታ ነው የሚገባው፣ እየመታችሁ። መወፈር ሲጀምር በቀጭኑ ማንቆርቆር ትችላላችሁ። አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ነው ዘይቱንና ውሃውን አንድ ላይ አስሮ የሚይዘው፣ ስትጣደፉ ማሰሩን ይተዋል። ከተበታተነ ሌላ አስኳል በሌላ ሳህን መትታችሁ የተበታተነውን በጠብታ ጨምሩበት፣ ይመለሳል። ጥሬ እንቁላል ስለሆነ ግን ለነፍሰ ጡር፣ ለትንንሽ ልጆች፣ ለአረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሰዎች ጀርሙ በሙቀት የተገደለበት (ፓስቸራይዝድ) እንቁላል ተጠቀሙ ወይም የተገዛውን አቅርቡ። የክፉ ቀን ሰላጣ እንዳይሆን።

ማዮኔዙን ሙሉ በሙሉ በእርጎ ብተካውስ?

ይሆናል፣ ግን ያኔ አቼቶውን ጨርሶ ተዉት። እርጎ ራሱ ኮምጣጣ ነው። ለኔ ግማሽ በግማሽ ወይም ከላይ እንዳለው ሁለት እጅ ማዮኔዝ አንድ እጅ እርጎ ነው የሚሻለኝ። እርጎ ብቻውን ሲሆን ሶሱ ቀጭን ይሆናል፣ ብሮኮሊውንም ጥሩ አድርጎ አይይዝም። ውሃው ተንጠፍጥፎ የወፈረ እርጎ ከሆነ ይሻላል። የእርጎው ተፈጥሯዊ ስኳር ላክቶስ ነው፣ በ100 ግራም 4 ግራም አካባቢ፣ የተጨመረ አይደለም። ቫኒላ ወይም ፍራፍሬ ያለበት እርጎ እንዳይገባ አደራ።

ማር ተፈጥሯዊ አይደል? በማር ብተካው ምን ችግር አለው?

ተፈጥሯዊ ነው፣ ስኳርም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማርንም ሽሮፕንም የፍራፍሬ ጭማቂንም ከስኳር እኩል ነው የሚቆጥራቸው። የሜፕል ሽሮፕና የተምር ሽሮፕም ያው ናቸው። ማር የምትወዱ ከሆነ ብሉ፣ ችግር የለውም፣ "ስኳር የለውም" ብላችሁ ግን ለእንግዳ አታቅርቡት፣ በተለይ እንግዳው የስኳር ሕመም ካለበት።

ስቴቪያ፣ ኤሪትሪቶል ምናምን የሚባሉት የስኳር ምትኮችስ?

መጠቀም ይቻላል። ሩብ ኩባያ ስኳርን ለመተካት ግን አትሞክሩ፣ አቼቶው ከተቀነሰ ያን ያህል ጣፋጭ አያስፈልግም። ኤሪትሪቶል አፍ ውስጥ ቀዝቀዝ የሚል ስሜት አለው፣ ቀዝቃዛ ሶስ ውስጥ ደግሞ አልሟሟ ብሎ እንደ አሸዋ ይቀራል። ስቴቪያ ከበዛ መራራ ነው፣ ከመራራ ብሮኮሊ ጋር ሲገናኝ አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ብሎ እንደ ስቴቪያና ሱክራሎዝ ያሉ ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን መጠቀምን እንደማይመክር አስታውቋል። ዛይሊቶል ከተጠቀማችሁና ቤት ውስጥ ውሻ ካለ ትራፊውን እንዳትሰጡት፣ ለውሻ መርዝ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁሉንም ተዉአቸው። ምላስ ጣፋጭ እየጠበቀ እስካለ ድረስ ያለ ጣፋጭ የተሰራ ነገር ሁሉ የጎደለው ይመስለዋል።

ዘቢቡን ካወጣሁ በምን ልተካው?

ዘቢብ የተጨመረ ስኳር ላይኖረው ይችላል፣ ግን ወይኑ ደርቆ ስኳሩ የተከማቸበት ስለሆነ ብዙ ከገባ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የደረቀ ክራንቤሪ ደግሞ ይብሳል፣ ሲበዛ ኮምጣጣ ስለሆነ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚሸጠው።

ምርጡ ምትክ ትኩስ አፕል ነው። ውሃ ስላለው ጣፋጭነቱ ቀለል ይላል፣ ኮርሽም ማለቱም ከብሮኮሊው ጋር ይገጥማል። በአቼቶው ውስጥ ካለፈ አይጠቁርም። ሮማንም ድንቅ ነው፣ ቀለሙም ያምራል። ትኩስ ወይን ለሁለት ተቆርጦ ይሆናል፤ ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ግን ወይኑን በቁመቱ አራት ቦታ ሰንጥቁት፣ ሙሉ ወይንም ሙሉ ለውዝም ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀር ይችላል። ፍራፍሬ ጭራሽ አልፈልግም ለሚል የተፈገፈገ ካሮት በቂ ነው። ዘቢብ የግድ ነው የሚል ሰው ደግሞ አንድ የሾርባ ማንኪያ ብቻ ወስዶ በደቃቁ ይክተፈው፣ በየጉርሻው ትንሽ ትንሽ ይገኛል።

የተለየ አቼቶ ያስፈልጋል?

የአፕል አቼቶ ለስላሳ ስለሆነ ነው የመረጥኩት። ነጩ አቼቶ ሹል ነው፣ እሱን ከተጠቀማችሁ የበለጠ ቀንሱ። ሎሚ ጥሩ ነው። ባልሳሚክ ግን በራሱ ስኳር አለው፣ በ100 ግራም 15 ግራም አካባቢ፣ ሶሱንም ቡናማ ያደርገዋል።

የስኳር ሕመም አለብኝ። መብላት እችላለሁ?

ከስኳር አንጻር ከተለመደው በጣም ይሻላል። ከላይ ባለው መጠን ከተሰራ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ስኳር አፕሉንም ጨምሮ 5 ግራም አካባቢ ነው፣ እሱም የብሮኮሊው፣ የአፕሉና የእርጎው የራሱ ነው። ብሮኮሊ በ100 ግራም 1.7 ግራም ያህል ስኳር ብቻ አለው፣ ከዚያ የሚበልጥ ፋይበር አለው። ነገር ግን ስኳር የለውም ማለት ካሎሪ የለውም ማለት አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ ብቻውን 90 ካሎሪ ገደማ አለው፣ ጨውም ከቤከኑና ከቺዙ ይመጣል። ደም ግፊት ካለባችሁ የቤከኑን ግማሽ ቀንሱና በቁንዶ በርበሬና በፓፕሪካ አካክሱት። የመድኃኒታችሁንና የምግባችሁን ዝርዝር ሐኪማችሁ ያውቀዋል፣ እሱን አማክሩ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ብሮኮሊ ይከለከላል ሲባል ሰማሁ

መድኃኒቱ ዋርፋሪን ከሆነ ነገሩ እውነትነት አለው፣ ክልከላ ግን አይደለም። ብሮኮሊ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፣ ቫይታሚን ኬ ደግሞ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። ችግር የሚያመጣው አንድ ሳምንት ምንም ሳይበሉ ቆይቶ በሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ መብላት ነው። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን፣ ለሐኪማችሁም ንገሩት።

ቤከን ካንሰር ያመጣል ይባላል፣ ታዲያ ምን ጤናማ ሰላጣ ነው?

ጤናማ ነው አላልኩም፣ ስኳር አልተጨመረበትም ነው ያልኩት። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ቤከን ያሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎችን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ መድቧቸዋል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግም ገልጿል። ልብ በሉ፣ በየቀኑ ነው የሚለው። እዚህ ሰላጣ ውስጥ 200 ግራም ጥሬ ቤከን ተጠብሶ ወደ ሲሶው ስለሚወርድ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 10 ግራም ትንሽ አለፍ ቢል ነው። በየቀኑ የሚበላ ሰላጣ አታድርጉት እንጂ አልፎ አልፎ ቢበላ እኔን አያስጨንቀኝም። "ናይትራይት አልተጨመረበትም" የሚል ጽሑፍ አይታችሁም አትዘናጉ፣ ብዙዎቹ ናይትራይቱን ሴለሪ ከሚባል አትክልት ዱቄት ነው የሚያገኙት። ሰውነት ከየት እንደመጣ አይለይም።

ከበላሁ በኋላ ሆዴን ይነፋኛል

ብሮኮሊ ራፊኖዝ የሚባል ስኳር አለው፣ እኛ መፍጨት ስለማንችል አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ጋዙ ከዚያ ነው። በትንሹ ጀምሩ፣ በጥሬው ፋንታ ነከር አድርጉት፣ በደንብ አኝኩ። ሽንኩርቱም ተባባሪ ነው፣ ብትቀንሱት ለውጥ ታያላችሁ።

ሰላጣው ውሃ ያቋጥራል፣ ምን ይሻላል?

ሦስት ጥፋተኞች አሉ። ታጥቦ ያልደረቀ ብሮኮሊ፣ ጨው የነካው ሆኖ ውሃው ያልተደፋ ብሮኮሊ፣ እና ቀጭን እርጎ። አበባው ውስጥ ውሃ ስለሚደበቅ ካጠባችሁት በኋላ ዘቅዝቃችሁ አራግፉት። ሶሱንም ሁሉንም በአንዴ አትድፉበት፣ ሁለት ሦስተኛውን አስገብታችሁ እዩት።

የበረዶ ብሮኮሊ ይሆናል?

ለዚህ አይሆንም። ከመቀዝቀዙ በፊት ነከር ተደርጓል፣ ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል። እሱ ብቻ ካለ ኦቨን ውስጥ በኃይለኛ ሙቀት ጠብሱት፣ ጠርዙ ቡናማ ሲል አውጡና ሲቀዘቅዝ በሶሱ ለውሱት። ሌላ ሰላጣ ይሆናል፣ ግን ይጣፍጣል። ሲጠበስ የራሱ ጣፋጭነት ስለሚወጣ አፕሉም ላያስፈልገው ይችላል።

ስንት ቀን ይቆያል? ፍሪዘር ውስጥስ?

ፍሪጅ ውስጥ፣ በተከደነ ዕቃ፣ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ከሦስት እስከ አራት ቀን። በሁለተኛው ቀን ጣዕሙ እንዲያውም ይሻላል፣ ሶሱ ሰርጎ ስለሚገባ። ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቀን ውጪ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ። ፍሪዘር አይሞከርም፣ ማዮኔዙ ይበታተናል፣ ብሮኮሊው ይዝለፈለፋል።

ለነገ የምታዘጋጁት ከሆነ ብሮኮሊውን ከትፋችሁ፣ ሶሱን ሰርታችሁ፣ ቤከኑን ጠብሳችሁ በየራሳቸው ዕቃ አስቀምጡ። ሽንኩርቱ ሶሱ ውስጥ ቢያድር ችግር የለውም። ቤከኑ ከለሰለሰ ደረቅ መጥበሻ ላይ ለአንድ ሁለት ደቂቃ መልሱት፣ ይነሳል።

ከምን ጋር ልብላው?

ከተጠበሰ ዶሮ፣ ከዓሣ፣ ከተቀቀለ ድንች ጋር ይሄዳል። ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከትፋችሁ ከጨመራችሁበት ምሳ ይሆናል፣ ከጎኑ ሌላ ነገር አይፈልግም። የተረፈውን በዳቦ መሀል አድርጎ መብላትም አለ፣ ዳቦው ውስጥ ስኳር እንዳለና እንደሌለ ግን ያው ጀርባውን ማንበብ ነው።